መርዙ ሳይነሳ የተሻሻለው ደንብ

እኔ የምለው፣ ይህን «ማሻሻል» የሚባል ቃል እንዲህ መቀለጃ ያደረገው ማን ነው?

ልብስ ሰፊ ነኝ። ቢቸና ውስጥ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለው መንገድ ዳር፣ በረንዳ ላይ መኪናዬን ዘርግቼ የምውል ሰው። ማሻሻል ማለት ለእኔ እንጀራዬ ነው። ሰውዬው ይወፍራል፤ ሱሪው እንቢ ይለዋል፤ ያመጣልኛል፤ እለቅለታለሁ። ሌላው ይከሳል፤ አጠብብለታለሁ። እስቲ አሁን ሱሪው መቀመጫው ላይ የተቀደደበት ሰው መጥቶ «አሻሽልልኝ» ብሎኝ፣ እኔ ደግሞ ሱሪውን ዓመት ሙሉ አቆይቼ፣ ቀዳዳውን እንዳለ ትቼ፣ ኪሱ ላይ አዲስ ቁልፍ ተክዬ ብመልስለት ምን ያደርገኛል? በገዛ መቀሴ ያባርረኛል። ደግ አደረገ ነው የምትለው።

ደንብ የሚያሻሽሉትን ሰዎች ግን ማንም በመቀስ አያባርራቸውም። ጭራሽ ይጨበጨብላቸዋል።

የምን ደንብ እንደሆነ ልንገርህ። መርዝ የፈሰሰበትን መሬት ስለ ማጽዳት የሚናገር ደንብ ነው። ስሙ ረጅም ነው። «በአደገኛ ኬሚካል የተበከሉ ቦታዎችን» ብሎ ይጀምርና አንባቢው ትንፋሽ እስኪያጥረው ድረስ ይሄዳል። እኛ ሰፈር «የመርዙ ደንብ» ብለን ገላገልነው። አገራችን የቅኔ አገር ነው አይደል? የተሸፈነ ነገር ፈልቅቆ የሚያወጣ ሊቅ አላጣንም። ከነዚህ አንዱ፣ ጎረቤቴ የሆኑ መሪጌታ፣ ደንቡን መነጽራቸውን አድርገው አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና «ይህ ሰውዬ የጻፈውን እሱ ራሱ ገብቶታል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ምን አውቄ።

አሁን ወደ መርዙ ልውሰድህ። ከቤቴ ጀርባ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን አለ። ድሮ፣ በየትኛው መንግሥት እንደሆነ እንጃ፣ የተባይ መድኃኒት በበርሜል በበርሜል አምጥተው ከተቱበት። አንዱ ለተምች የመጣ ነው ይላል። አንዱ የለም ለአንበጣ ነው ይላል። ተምቹም አንበጣውም በየጊዜው መጥተው በልተው ሄደዋል። መድኃኒቱ ግን ማንንም ሳይነካ እዚያው ተቀምጦ አረጀ። ሹም ተሻረ፣ ሹም ተሾመ፣ መንግሥት ተለወጠ፤ በርሜሎቹ ዛጉ። ከዛጉ በኋላ አፈሰሱ። ካፈሰሱ በኋላ ባዶ ሆኑ። ዛሬ ብትገባ በርሜሎቹን በአንድ እጅህ ታነሳቸዋለህ፤ ውስጣቸው የነበረው ነገር ሁሉ መሬቱ ውስጥ ነው ያለው።

በበጋ ቀትር ላይ ሽታው አፍንጫህን ይዞ ይጎትትሃል። እህል በሚነገድበት ከተማ አይጥ ያልገባበት መጋዘን ያለን እኛ ብቻ ነን። እህል ነጋዴዎቹ ሳይቀሩ ሊከራዩት ጠይቀው ነበር፤ አይጥ የለበትም ብለው! እግዚአብሔር አስተዋዮች አደረጋቸውና ተዉት።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። መጋዘኑ ያለው ዳገቱ ላይ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የእትዬ አለምነሽ ግቢ አለ። እትዬ አለምነሽ ጠላ ጠማቂ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ሟች ባለቤታቸው በገዛ እጃቸው ቆፍረው፣ በድንጋይ ገንብተው የተዉላቸው የውሃ ጉድጓድ አለ። ቧንቧ ሲጠፋ፣ መቼም ቧንቧ የሚመጣው ሲያሰኘው ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ ከዚያ ነበር የሚቀዳ። «ውሃ ይከለከላል እንዴ?» ነበር የእትዬ አለምነሽ ወግ። ጠላቸውንም ያን ያህል የሚያስመሰግነው ጌሾው አይደለም፣ ውሃው ነው ይሉ ነበር።

አንድ ክረምት ላይ ውሃው እንደ ዘይት የሚያብለጨልጭ ነገር አዝሎ ወጣ። ሽታው ደግሞ የመጋዘኑ ሽታ ነው። ከባልዲው የጠጡ ዶሮዎች ማታውን ሳያዩ አለቁ። እትዬ አለምነሽ ምን አደረጉ? ደንብ አላነበቡም። የሚመለከተውን አካል አልጠበቁም። የጠመቁትን ጠላ ከነጋኑ ደፉ፣ ጉድጓዱን በቆርቆሮ ከደኑ፣ ድንጋይ ጫኑበት፣ ከዚያ ዱላ ይዘው በር ላይ ቆሙና ሊቀዳ የመጣውን ሁሉ መለሱ። አንድ ሰው አልታመመም። በዚህ ጉዳይ በአገራችን የተሠራው ትልቁ የማጽዳት ሥራ ይህ ነው፤ የሠሩትም አንዲት ሴትዮ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ጉልበታቸውን እያመማቸው ከምንጭ በጀሪካን ይቀዳሉ። ጠላውም እንደ ድሮው አልሆነላቸውም። ሰው ሁሉ ግንቦት ሲገባ ሰማይ ሰማይ እያየ ዝናብ ይለምናል፤ እሳቸው ዝናብ ይፈራሉ። ዘነበ ማለት መርዙ ከዳገቱ ወደ ጉድጓዳቸው ወረደ ማለት ነው። ደመና ባዩ ቁጥር ፊታቸው ሲጠቁር እኔ አያለሁ፤ አንጀቴን ይበላኛል።

በዚህ መሀል ከድር መጣ። ከድር የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነው፣ የወሎ ልጅ፣ ለሥራ ተመድቦ የመጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ አፉ ክፉ አያወጣም። መጋዘኑን አየ፣ አፍንጫውን ያዘ፣ ጉድጓዱን አየ፣ አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ለእትዬ አለምነሽ ቁርጡን ነገራቸው። ያ አፈር ተቆፍሮ ከተነሳ ጉድጓዱ ቀስ በቀስ ሊያገግም ይችላል፤ ካልተነሳ ግን በየክረምቱ እየባሰበት ይሄዳል አላቸው።

«እንግዲያው አንሱታ!» አሉት።

አይነሳም አለ። ለምን ቢሉት፣ ደንቡ አይፈቅድም። ደንቡ «የተበከለ ቦታ» ተብሎ ያልተመዘገበን መሬት መንካት ይከለክላል። ለመመዝገብ ደግሞ ምን ያህል መርዝ ሲኖርበት ነው ተበከለ የሚባለው የሚለው መለኪያ መውጣት አለበት። መለኪያው የሚወጣው ደንቡ ሲሻሻል ነው።

«እስከዚያስ?» አልኩት እኔ።

«እስከዚያ ጋሽ ደረጀ፣ ቦታው በሕግ ንጹሕ ነው» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

እትዬ አለምነሽ ወደ ጉድጓዱ ጠቆሙ። «በሕግ ንጹሕ የሆነውን ውሃ ልቅዳልህ ልጄ?» አሉት። ከድር ደህና ዋሉ ሳይል ወጥቶ ሄደ። እንዳፈረ ያስታውቅ ነበር። ከሁሉም የሚያናድደኝ እኮ ይህ ነው፤ የሚያፍረው ሁልጊዜ ትንሹ ሠራተኛ ነው፤ ትልልቆቹን ዕፍረት የት አባቱ ያገኛቸዋል?

ከዚያ ደንቡ ተሻሻለ። እሰይ አልን። መጀመሪያ የተሻሻለ ጊዜ፣ መለኪያው ቀርቶ፣ የተጠረጠረ ቦታ ሁሉ ይታጠር ተባለ። መጡና መጋዘኑን ከነዙሪያው በእሾህ ሽቦ አጠሩት። ጥሩ አጥር ነው፣ በሬ አያስገባም። ችግሩ መርዙ በሬ አይደለም። በአጥሩ ሥር ሰተት ብሎ ወደ እትዬ አለምነሽ ጉድጓድ መሄዱን ቀጠለ። የከድር አለቃ፣ የቢሮው ኃላፊ ግን ከአጥሩ ፊት ለፊት ቆሞ ፎቶ ተነሳ። «ቦታው በቁጥጥር ሥር ውሏል» አለ። ሌባ ያሰረ ነበር የሚመስለው።

ሁለተኛ ጊዜ ሲሻሻል ደግሞ ምልክት ይተከል ተባለ። የሰው ራስ ቅል የተሳለበት ሰሌዳ፣ አየኸው አይደል፣ አደጋ ያለበት ቦታ የሚለጠፈው። ይህን ይስላል ተብሎ የተጠራው የከተማችን ሠዓሊ ዕድሜውን ሙሉ የፀጉር ቤት ግድግዳና የሚኒባስ ጀርባ ሲያሳምር የኖረ ሰው ነው። አስቀያሚ ነገር ስሎ አያውቅም። የራስ ቅሉን አሳመረው! ጥርሶቹን አንድ በአንድ ነጭ አድርጎ፣ ደርድሮ፣ ፈገግ አሰኝቶ ሳለው። ከሥሩ የመሥሪያ ቤቱ ስምና ዓርማ በትልቁ ተጻፈ። «አደጋ» የሚለው ቃል ቦታ አነሰውና ጥግ ላይ በደቃቁ ገባ።

አንድ የገበያ ቀን ጉንጩ ያበጠ የገጠር ሰው ፊቱን በጋቢ ጠምጥሞ ከሰሌዳው ሥር ተቀምጧል። ጥላ ፈልጎ መሰለኝና ዝም አልኩ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ወደ እኔ መጣ። «ወንድሜ፣ ሐኪሙ አይገባም እንዴ ዛሬ?» አለኝ። የምን ሐኪም? ስለው ወደ ሰሌዳው ጠቆመኝ። «የጥርሱ ነዋ!»

ሳቄ መጣ። ግን ሰውዬው በሕመም ዓይኑ ደም ለብሷል፣ እንዴት ልሳቅ? ባጃጅ ጠርቼ ወደ ጤና ጣቢያ ላክሁት። ከሄደ በኋላ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። ያ ምስኪን እኮ ያን ሁሉ ሰዓት የተቀመጠው መርዝ ላይ ነው። ሰዎቻችን መርዙን ማንሳት ቢያቅታቸው እንኳ፣ መርዝ ነው ብሎ መናገር እንዴት ያቅታቸዋል?

ሦስተኛው ማሻሻያ ደግሞ ኅብረተሰቡን ያሳተፈ ይሁን ተባለ። ሞጣ ላይ ስብሰባ ተጠራ። ከቢቸና ሰፈራችንን ወክሎ የሚሄድ ሰው ሲፈለግ፣ ማንን መረጡ? እኔን። እትዬ አለምነሽ እያሉ! ለምን ብዬ ጠይቄ ነበር። እሳቸው ስብሰባ ላይ ይናገራሉ ተባለ። እኔ ኮት አለኝ፤ ዝም የምል እመስላለሁ። በዚህ መሰለኝ ያለፍኩት።

የመሄጃዬ ዕለት ማለዳ እትዬ አለምነሽ በረንዳዬ ድረስ መጡ። «ደረጀ፣ ብዙ አትናገር። አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ። የሚያነሱት ከክረምት በፊት ነው ወይስ በኋላ? በኋላ ካሉህ ግቢውን ትቼ ከልጄ ዘንድ ልሂድ» አሉኝ። ልጃቸው ሩቅ አገር ነው ያለችው። ባለቤታቸውን የቀበሩበትን አገር ትተው ሊሄዱ ነው ማለት ነው። እጠይቃለሁ ብዬ ማልኩላቸው።

በመሥሪያ ቤቱ መኪና ሄድን። ኃላፊው ከፊት፣ እኔና ከድር ከኋላ። መኪናው ጣሪያ ላይ ትልቅ የሳር ሸክም ታስሯል። ሞጣ ገና አልዘነበም፣ ቢቸና ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ጠብ ጠብ ብሎላት ነበርና፣ ኃላፊው ለአዳራሹ መጎዝጎዣ የሚሆን ለምለም ሳር እኛ እናመጣለን ብሎ ቃል ገብቷል። እንግዳ ያለ ጉዝጓዝ አይቀመጥማ። ደብረ ወርቅን እስክናልፍ ስለ ሳሩ ሲያወራ ነበር። ግንደወይን ላይ ወርዶ ገመዱን ራሱ አጠበቀ። አንድ ነገር ከልቡ ሲሠራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አዳራሹ አምሮ ጠበቀን። ባነር ተሰቅሏል፣ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ስለ ተመረዘ ውሃ ሊነጋገሩ የመጡ ሰዎች ፊት የታሸገ ውሃ! ሳራችን ወለሉ ላይ እግር እስኪሰጥም ተጎዘጎዘ። በፕሮጀክተር ስዕል እንዲታይ ተብሎ መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ፣ መጋረጃ ወረደ። ከክልል የመጡት ሰውዬ ሰብሳቢ ናቸው። ሆዳቸው ከኮታቸው ቀድሞ የሚገባ ዓይነት፤ ኮቱ ሊለቀቅላቸው እንደሚገባ ገና ሲገቡ አይቻለሁ፣ ሙያዬ ነዋ።

ረፋዱን በሙሉ «ማጽዳት» ይባል ወይስ «ማስወገድ» ይባል በሚለው ተከራከሩ። አንዱ ይነሳል፣ ማጽዳት ይላል። ሌላው ይነሳል፣ ማስወገድ ይላል። ሰብሳቢው «ሁለቱም ይያዝ» አሉ። ተጨበጨበ። አፈሩ ቢቸና ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ አልጸዳም፣ አልተወገደም።

ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ፀሐይ ወጣች፣ አዳራሹ ጋለ። አንዲት ሴት አስነጠሰች። ሌላው ቀጠለ። አንድ ተሳታፊ ረቂቁን ሊያመሰግን ተነስቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ስለ ሕዝባችን ስናስብ» ይልና ይጠርጋል፤ «ስለ መጪው ትውልድ ስናስብ» ይልና ይጠርጋል። ሰብሳቢው ልባቸው ተነካ፣ እሳቸውም መሐረብ አወጡ። ቤቱ ሁሉ ተላቀሰ። እንዲህ ያለ ለሕዝብ የሚያለቅስ መሪ አይቼ አላውቅም ልል ስል፣ አንድ ሽታ መጣብኝ።

ያን ሽታ እኔ አውቀዋለሁ። አብሬው ነው የምኖር፤ አብሬው ነው የምበላ። ጎንበስ ብዬ ከእግሬ ሥር አንድ ዘለላ ሳር አነሳሁና አሸተትኩ። የመጋዘናችን ሽታ ነው። ለከድር ሰጠሁት። አሸተተና ደሙ ከፊቱ ሸሸ። ወደ ኃላፊው ዞሮ «ይህን ሳር ከየት ነው ያሳጨዱት?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቀው።

ኃላፊው ኮራ አለ። «አጥሩ ውስጥ ነዋ! ከብት ስለማይገባበት እንዴት ለምልሞ እንደነበር ብታየው። ሌላው ሜዳ እኮ በከብት ተግጧል።»

እንግዲህ አስበው። መርዝ ያለበትን ቦታ አጠሩ። ከብት እንዳይገባ ከለከሉ። ከብት የተከለከለውን ሳር አጭደው የመርዝ ማጽጃ ደንብ ለሚያሻሽሉ ሹማምንት ጎዘጎዙላቸው። ይህን ጠላት ያስበዋል?

እጄን አወጣሁ። ሰብሳቢው በአንቀጽ በአንቀጽ ነው አስተያየት የምንቀበለው አሉኝ። በአንቀጽ ሁለት ላይ ነው ጥያቄዬ አልኩ፤ አንቀጽ ሁለት ምን እንደሚል እግዜር ይወቀው። ፈቀዱልኝ። መጀመሪያ የእትዬ አለምነሽን ጠየቅሁ። የቢቸናው አፈር የሚነሳው ከክረምት በፊት ነው ወይስ በኋላ?

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ ሰብሳቢው ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ጀምበር አይሆንም። ቦታው መለየት አለበት፣ ባለሙያ ያስፈልጋል፣ ልዩ መኪና ያስፈልጋል፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ማከማቻ ያስፈልጋል። ሁሉም በሂደት ላይ ነው።»

«ጌታዬ» አልኩ፣ «በሂደት ላይ አይደለም። እግርዎ ሥር ነው።»

ሳሩ ከየት እንደታጨደ ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ከዚያ ሰብሳቢው ሁለት እግራቸውን ባንዴ ከመሬት አነሱ። ወንበሩ ላይ እንደ ዶሮ ተኮለኮሉ! ያ ሁሉ ሰው ተነሳ፣ ተጋፋ፣ መጋረጃ ተቀደደ፣ በሩ ላይ ያ ለሕዝብ ሲያለቅስ የነበረው ሰውዬ ሴቶቹን ገፍቶ ቀድሞ ወጣ። ውጭ ላይ በታሸገው ውሃ ጫማቸውን ያጥቡ ጀመር።

«አንሱት! አሁኑኑ ከዚህ ይነሳ!» ሰብሳቢው ከደጅ ሆነው ይጮኻሉ።

ከድር ቀረብ አለና፣ በዚያ በለሆሳስ ድምፁ፣ «ጌታዬ፣ ደንቡ ያልተመዘገበ ብክለት እንዳይንቀሳቀስ ይከለክላል» አላቸው። ከቅንነት ይሁን ከተንኮል እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

«ደንቡን ተወውና አንሳ!»

ወዳጄ፣ ከዚያ በኋላ ያየሁትን ብነግርህ አታምነኝም። ጓንት መጣ። የአፍ መሸፈኛ መጣ። የሚታሸግ በርሜል መጣ። ለእኛ የለም የተባለው ልዩ መኪና አዳራሹ በር ላይ ቆመ። ሳሩ ተለቅሞ ታሸገ፣ ወለሉ ታጠበ፣ የታጠበበት ውሃ እንኳ ሳይቀር ተጠርጎ በርሜል ገባ። ገና በሂደት ላይ ነው ወደ ተባለው ባለ ሲሚንቶ ወለል ማከማቻ ተጫነ። ማከማቻው ለካ አለ! እኛ ሻያችንን ሳንጨርስ አዳራሹ ንጹሕ ሆነ። እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ፤ የእኔ ከሽታው አልነበረም። የእትዬ አለምነሽ ጉልበት ትዝ አለኝ፤ ያ ሁሉ የጀሪካን መንገድ። ይቻል ነበር እኮ! ሁልጊዜም ይቻል ነበር።

ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ሌላ ክፍል ውስጥ ቀጥሎ ረቂቁን በሙሉ ድምፅ ደገፈ።

ቢቸና ስመለስ በቀጥታ ወደ እትዬ አለምነሽ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰብሳቢው ወንበር ላይ እንዴት እንደተኮለኮሉ በእጄም በእግሬም እያስመሰልኩ አሳየኋቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም።

«ከወንበራቸው ሥር ሲሆን ወዲያው አነሱት?» አሉኝ።

«ወዲያው።»

ከዚያ ከሸራ ጓንት እሰፋላቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። ለምን አላልኩም። ጓንቱንም ሽርጡንም ሰፋሁላቸው፣ ድርብ አድርጌ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ሳይገባ፣ እትዬ አለምነሽ አፍና አፍንጫቸውን አስረው፣ ሳር አጫጆቹ በከፈቱት የአጥር ቀዳዳ ገብተው፣ ያን አፈር በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው፣ በጋሪ አስጭነው የመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ አራገፉት። ዘበኛው ምንድን ነው አላቸው። «አፈር ነው ልጄ። አትፍራ፣ በሕግ ንጹሕ ነው» አሉት። ከዚያ በትሕትና ደህና ዋል ብለውት ሄዱ።

ኃላፊው ሲመጣ ሽታው ተቀበለው። በዋናው በር መግባት አልቻለም፤ በጓሮ ዞረ። ሻዩን ሳይጠጣ ስልክ ተደወለ። መኪናው መጣ፣ በርሜሉ መጣ፣ ከድርም ጓንቱን አጥልቆ መጣ። ያች ከረጢት ከቀትር በፊት ወደ ማከማቻው ተጫነች።

በነጋታው እትዬ አለምነሽ ሌላ ይዘው ሄዱ። በነጋታውም። ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ ጎረቤት ሁሉ ተከተላቸው። እኔ ጓንት እሰፋለሁ፣ መሪጌታው ሳይቀሩ ከረጢት ይይዛሉ። ከድር አንድ ማታ ወደ በረንዳዬ ብቅ አለና «እኔ አላልኩም፣ ግን አፈሩን መጀመሪያ ውሃ እርጩበት፣ አቧራው እንዳይነሳ። ሲጨርሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ልጆች አይቅረቡ» አለኝ። አላለም። እኛም ከማንም ሳንሰማ እንደዚያ አደረግን። መኪናው ነዳጅ የለውም ሲባል የኖረው ነገር የት እንደገባ እንጃ፣ በየቀኑ ነዳጅ ነበረው።

መጋዘኑ ውስጥ የቆፈርነው ጉድጓድ እየሰፋ፣ ሽታ ያለው አፈር እየቀነሰ ሄደ። ሰማዩ ደግሞ መጥቆር ጀመረ። እኩሌታው ገና ነበር።

ይኼኔ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ተጠራን። ኃላፊው ወረቀት ይዟል፣ ፊቱ በርቷል። ደንቡ በአስቸኳይ ተሻሽሏል አለን። ያ በየዓመቱ ሲሸጋገር የኖረ ደንብ፣ እትዬ አለምነሽ ከረጢት በተሸከሙ በሳምንቱ ተሻሻለ! አነበበልን። ማንኛውም ሰው የተበከለ አፈር ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ቅጥር ግቢ ይዞ መምጣት በጥብቅ የተከለከለ ነው። አፈሩ ይነሳል የሚል ነገር የለበትም። ጉድጓድ የሚል የለበትም። ብቻ እነሱ ጋ አይምጣ።

ሰው ሁሉ አቀረቀረ። እኔ ተናድጄ ኮቴን ቆልፌ ልወጣ ነበር። እትዬ አለምነሽ እጃቸውን አወጡ።

«መሥሪያ ቤት ነው ያልከው ልጄ?»

«አዎ እናቴ። ግልጽ ነው፣ መሥሪያ ቤት።»

«እሺ። ስለ መኖሪያ ቤታችሁስ ምን ይላል?»

ኃላፊው ወረቀቱን ገለበጠ። ከፊት አየ፣ ከኋላ አየ። ቤቱ የት እንደሆነ ደግሞ ቢቸና ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ቀለሙ አረንጓዴ ነው፣ ከገበያው ማዶ። እትዬ አለምነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «በል እግዜር ይስጥልን» ብለው ተነሱ።

በማግስቱ ማለዳ መኪናው መሥሪያ ቤቱ ጋ አልነበረም። መጋዘናችን በር ላይ ቆሞ አገኘነው። የቀረውን አፈር ጠራርገው ሲጭኑ ዋሉ፤ የመጨረሻው በርሜል ሲታሸግ የመጀመሪያው ዶፍ ወረደ። ከድር ጉድጓዱ ገና እንዳይከፈት፣ ተመርምሮ እስኪታይ ይቆይ ብሏል፤ እትዬ አለምነሽም እቆያለሁ ብለዋል። ልጃቸው ዘንድ የመሄዱን ነገር አላነሱትም። ያን ዕለት ግን በረንዳዬ ላይ ተጠልለው ዝናቡን ሲያዩት ፊታቸው አልጠቆረም።

እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ደንቡ ሐሳቤን ለውጫለሁ። ስንት ዓመት «አሻሽሉት» ብዬ የጮኽሁ ሰውዬ፣ አሁን አንድ ጸሎት ብቻ ነው ያለኝ። ይህን ደንብ እንዲህ እንዳለ ይተዉልን፤ አደራ፣ የመኖሪያ ቤት የሚለውን እንዳይጨምሩበት።